እትዬን ያላስተማርኳቸው ነገር

ደብዳቤው ላይ እኔን የሚመለከተው አንድ መስመር ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል የጻፈው ነው። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ቀዶ ጥገናውና ስለተሰጠው መድኃኒት ከዘረዘረ በኋላ መጨረሻው ላይ በእንግሊዝኛ «ቤተሰቡ በቤት ውስጥ በቱቦ መመገብን እንዲማር ይደረግ» ይላል። ማን ያስተምር፣ እንዴት ያስተምር፣ በስንት ቀን ያስተምር፣ አይልም። በዚያን ሰሞን ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ውስጥ የነበርኩት ነርስ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ከብርዱ ወርጄ ቆላውን ገና እየለመድኩ ነበር፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ የጻፍኩትን እንኳ መልሼ ማንበብ ያቅተኝ ነበር።

ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልለው በጉያቸው ይዘው የመጡት ሴት ከአውቶቡስ እንደወረዱ በቀጥታ ወደኛ ነው የመጡት። ከኋላቸው ሽርጥ የታጠቁ ረጅም ሰው በምርኩዝ እየተደገፉ ይከተላሉ። ሴትየዋን ያኔ እትዬ ስለምላቸው እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው፤ ባለቤታቸውን ደግሞ ጋሼ።

ጋሼ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ሰው የሚያውቃቸው ግን በእርሻቸው ሳይሆን በሽማግሌነታቸው ነው። የመስኖ ውሃ ያጣላው፣ ድንበር ያጋጨው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ ታርቆ፣ አብሮ በልቶ ይመለሳል። ብቻቸውን ማዕድ ቀርበው አያውቁም ይሏቸዋል። እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ ጉሮሯቸው ከውስጥ እየጠበበ መጥቶ መጀመሪያ እህል፣ ቀጥሎ ሾርባ፣ በመጨረሻም የገዛ ምራቃቸው አልወርድ ያላቸው። ሐኪሞቹ ዕጢውን ማውጣት እንደማይቻል ሲያዩ ሆዳቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፈቱ፤ እርሳስ የሚያህል ቀይ የጎማ ቱቦ በቀጥታ ወደ ጨጓራቸው አስገብተው ሰደዷቸው። ወንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ቤት ውስጥ ያሉት እትዬና የልጃቸው ሚስት ብቻ ናቸው።

ያን ቀን ያስተማርኩት እኔ ራሴ በተማርኩበት መንገድ ነው። ካርቶን ላይ ጨጓራና ቱቦ ሣልኩ፤ ከሥሩ አሥራ ሁለት ነጥብ ጻፍኩ። እጅ ስለመታጠብ፣ ውሃ አፍልቶ ስለማቀዝቀዝ፣ ምግቡን ስለማጥለል፣ ታማሚውን ቀና አድርጎ ስለማስቀመጥ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ ቱቦውን በውሃ ስለማጠብ። በየሦስት ሰዓቱ አልኳቸው። ይህን ያህል ሚሊ ሊትር አልኳቸው። እትዬ እያንዳንዱን ነጥብ «እሺ» እያሉ ሰሙኝ። ስጨርስ «ገባዎት?» አልኳቸው፤ «ገብቶኛል» አሉ። ካርቶኑን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። አንድ ትልቅ የመስታወት ስሪንጅ፣ ጎዝና ቫዝሊን ጨምሬ ሸኘኋቸው። ማስተማሬን መዝገብ ላይ አሰፈርኩ። ደስ ብሎኝም ነበር።

በአራተኛው ቀን ጋሼን በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ቱቦው ተደፍኗል። ከጨጓራቸው የሚወጣው ፈሳሽ በቱቦው ዙሪያ ያለውን ቆዳ አቃጥሎት ቀይ ሥጋ ሆኗል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለብ ያለ ውሃ በስሪንጅ ቀስ እያልኩ እየገፋሁና እየሳብኩ ቆየሁ፤ በመጨረሻ የወጣው እንደ ቡሽ የጠጠረ ገንፎ ነው። ተናደድኩ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረቤቶች ሁሉ እየሰሙ፣ ቀጭን አጥሚት ብዬ እያለሁ ይህን የመሰለ ወፍራም ነገር ለምን ሰጧቸው ብዬ እትዬን ተቆጣሁ።

እትዬ አንገታቸውን ደፍተው «ውሃ የመሰለ ነገር አቅርቤላቸው አላውቅም» አሉ። «አፈርኩ።»

 ያን ጊዜ ጋሼ ከተኙበት፣ በሻከረ ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኔ እርሻ ስማር አባቴ እርፉን አስጨበጠኝ እንጂ ስለ እርፍ አልነገረኝም። አንቺ እሷን ምን አስጨበጥሻት?»

ምንም አላስጨበጥኳቸውም። ስሪንጁን እንኳ በእጃቸው የያዙት ሲሄዱ ነው።

ኃላፊያችንን ለምኜ ከመድኃኒት መጋዘኑ አጠገብ ያለችውን ባዶ ክፍል አስፈቀድኩ፤ አንድ ሳምንት እዚያው ተቀመጡ። ካርቶኑን ተውኩት። እትዬ ይሠራሉ፤ እኔ እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ እቆማለሁ። እጄን ወደ ኋላ ማድረጌ ለሳቸው ክብር አልነበረም፤ ካላጣመርኩት ነጥቄ እንደምሠራው ስለማውቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አጥሚቱን ስሪንጁ ውስጥ ሲያፈሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምን እንደሚያስፈራቸው ስጠይቅ ሆዳቸው ውስጥ በእጄ የገባሁ ይመስለኛል አሉኝ። ዓይን ተጨፍኖ እንደማይሆን ነገርኳቸውና ሳቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስሪንጁን ከፍ ሲያደርጉት ምግቡ እንደሚፈጥን፣ ዝቅ ሲያደርጉት እንደሚዘገይ ላስረዳቸው ስዳክም ጋሼ ጣልቃ ገቡ። ከላይኛው ቦይ ውሃ እንደመልቀቅ ነው፤ አንዴ ከለቀቅሽው ማሳው ይጠረጋል አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ከፍታው ደግሜ መናገር አላስፈለገኝም።

ሰዓት የሚባል ነገር ቤታቸው የለም። በየሦስት ሰዓቱ ያልኩት ትእዛዝ ለምን እንዳልሠራ የገባኝ ያኔ ነው። እትዬ ራሳቸው መፍትሔ አመጡ፤ ከየሶላቱ በኋላ ይሁን አሉ። ከሱብሂ በኋላ፣ ከዙህር፣ ከዐሱር፣ ከመግሪብና ከኢሻ በኋላ። የረፋዱ ግን ሶላት ስለሌለው እንዳይረሳ ፈራን፤ ለሱ ላሞቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን ጊዜ መደብንለት። ሚሊ ሊትሩንም ከቤታቸው ያስመጣነው የብረት ኩባያ ላይ ለካነው፤ ጎኑ ላይ አበባ ተሥሎበታል፤ እስከ አበባው ሥር ድረስ አንድ ምግብ ሆነ። ውፍረቱን በማንኪያ ለየነው። ማንኪያው ሲነሣ አጥሚቱ ሳይቆራረጥ እንደ ወተት ከወረደ ያልፋል፤ ጓል ጓል እያለ ከወደቀ ውሃ ይጨመርበታል። የማሽላ አጥሚት፣ በነጠላ የተጠለለ የማሾ ሾርባ፣ የገበያ ዕለት ሲገኝ ደግሞ የግመል ወተት።

እትዬ ማንኛውንም ምግብ ያለ ቢስሚላህ አይጀምሩም፤ ያለ አልሐምዱሊላህ አይጨርሱም። እኔ አራተኛና ዘጠነኛ ነጥብ ብዬ የጻፍኳቸውን ሁለቱን የውሃ እጥበቶች እዚያ ላይ ሰቀሏቸው። ከቢስሚላህ ቀጥሎ ውሃ፣ ከአልሐምዱሊላህ በፊት ውሃ። በሳምንቱ መጨረሻ ምራታቸውን አስጠሯትና፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ እሷን አስተማሯት። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ውሃውን ዘንግታ ስሪንጁን ልታነሣ ስትል እትዬ እጇን ያዝ አድርገው «አልሐምዱሊላህ አላልሽም» አሏት። ውሃው ወዲያው ትዝ አላት። ከዚያ በኋላ ሸኘኋቸው፤ መዝገቡ ላይ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገባኝ።

በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ አያቸው ነበር። በበጋ ሮቢ ወንዝ ጉልበት አይደርስም፤ ጫማዬን አውልቄ እሻገርና በሽንኩርት ማሳዎቹ መካከል እሄዳለሁ። የጋሼ ሰውነት መለስ አለ፤ ቆዳቸው ዳነ። ሥራዬ የተሳካ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ከቤት መውጣት ትተዋል። የሚመገቡት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ምግባቸው ሲደርስ ምራታቸው በሩን ትዘጋለች፤ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ተኝተዋል ይባላል። በሆዱ የሚበላ ሰው ተብሎ እንደሚወራ ሰምተዋል። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ እኔ ያወራሁት ስለ ቆዳ ቅባት ነበር። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ቀን ስደርስ ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ከታችኛው ሰፈር የመጡ ሰዎች ተቀምጠው አገኘሁ። በመስኖ ውሃ ተጣልተው ነው። ጉዳዩ በገበሬ ማኅበሩ ታይቶ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ግን ጋሼ ይስሙን ብለው መጥተዋል። ጋሼ ከውስጥ ሆነው አልችልም ብለው ላኩባቸው። ሰዎቹ አልሄዱም። ዙህር ደረሰ፤ ሰገዱ። እትዬና ምራታቸው ለእንግዶቹ ምሳ አቀረቡ። እኔ ከጋሼ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ፋሻ እየቀየርኩ ነበር። እትዬ እጃቸውን እየጠረጉ ገቡ።

«ምሳዎ ደርሷል» አሏቸው።

«አምጪው።»

«ውጭ ነው ያቀረብኩት።»

ጋሼ እኔን አዩኝ፤ እኔ ፋሻዬን አየሁ። እትዬ ደግመው አልተናገሩም፤ አልወጡምም፤ ቆመው ጠበቁ። ጋሼ ብዙ ቆይተው ምርኩዛቸውን እንዲያቀብሏቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ከሾላው ሥር ወንበር ወጣላቸው። እትዬ ስሪንጁን ከቱቦው ጋር አገጣጥመው «ቢስሚላህ» ብለው ውሃውን፣ ቀጥለው አጥሚቱን አፈሰሱ። የእንግዶቹ እጅ ማዕዱ ላይ ቆመ። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት፣ የጋሼ እኩያ የሆኑ ሰው፣ አጥሚቱ እየጎደለ ሲሄድ ሲያዩ ቆዩና «ጣዕሙ ይታወቅሃል?» ብለው ጠየቁ።

«ጣዕሙ አይታወቀኝም» አሉ ጋሼ። «ሙቀቱ ይታወቀኛል። መጥገቤም ይታወቀኛል።»

ሰውየው ነገሩን አሰብ አደረጉትና «እንግዲያውስ ከኛ ጋር ጥገብ» ብለው እጃቸውን ወደ ማዕዱ መለሱ። የቀረው ወሬ ሁሉ ስለ ውሃ ነበር። ያን ቀን አልታረቁም፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጥተው ነው የታረቁት። መጋረጃው ግን ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። ቆይቶም ጋሼ ምራታቸው ምላሳቸው ላይ ድልህ እንድትነካላቸው ማዘዝ ጀመሩ፤ አጣጥመው ይተፉታል። ትን ይላቸዋል ብዬ ስለፈራሁ መጀመሪያ ከለከልኩ። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

ረመዳን ሲቃረብ ጋሼ በአፍ ያልገባ ነገር ጾም ይፈታ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይህ ለኔ የሚጠየቅ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ሼሁ ሕመምተኛ እንደማይገደድ፣ በያንዳንዱ ቀን ፋንታ አንድ ድሃ ማብላት እንደሚበቃቸው አስረዷቸው። ጋሼ ግን የመጀመሪያዋን ቀን እንኳ ልጹም ብለው እንቢ አሉ። እትዬ አልተከራከሩም፤ «ድሃውንም አበላለሁ፣ እርስዎንም አበላለሁ» ብለው የረፋዱን ምግብ ይዘው ቀረቡ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀበሉ። በዚያ ወር እትዬ ራሳቸው እየጾሙ ቀኑን ሙሉ ሲያበስሉ፣ ሲያጠልሉ፣ ሲያበሉ ይውሉ ነበር፤ የጨውን መጠን መቅመስ ስለማይችሉ በእጃቸው ነበር የሚመጥኑት።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አሮጌውን ቱቦ አውጥቼ በአዲስ መተካት ነበረብኝ። ቤታቸው ሄጄ ሠራሁት። አሮጌውን ስስብ፣ አዲሱን ቫዝሊን ቀብቼ በቀዳዳው ቀስ እያልኩ ሳስገባ፣ ከጨጓራው የሚመለሰውን ፈሳሽ አይቼ ቦታውን መያዙን ሳረጋግጥ፣ እትዬ አጠገቤ ተንበርክከው ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም። ስጨርስ ይህ ነገር በራሱ ቢወጣ ምን እናደርጋለን ብለው ጠየቁኝ።

«ቶሎ ወደኛ ያምጧቸው» አልኩ። «በራስዎ እንዳይነኩት።»

«ወንዙ ቢሞላስ?»

መልሱን እኔ አውቀው ነበር። ቱቦው ከወጣ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል፤ ቀን ካደረ ይዘጋል። ቱቦውን መመለስ ግን የባለሙያ ሥራ ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። በተሳሳተ መንገድ ከገባ ሊገድል ይችላል። ኃላፊያችንም ይህን ለቤተሰብ እንዳላሳይ ነግሮኛል። ይህን ሁሉ ለእትዬ ቁጭ አድርጌ መንገር እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። «ኢንሻአላህ አይሞላም» አልኳቸው። የራሳቸውን ቃል ወስጄ ጥያቄያቸውን ዘጋሁበት። እትዬም «ኢንሻአላህ» አሉ።

ሮቢ የሚሞላው ቆላው ላይ በሚዘንበው አይደለም፤ ከላይ ከኛ አገር፣ ከደብረ ሲና በኩል በዘነበው ነው። እታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ድንገት ይመጣል። ነሐሴ ውስጥ አንድ ረፋድ ላይ አንድ ሰው እየሮጠ ጤና ጣቢያው ደረሰ። ከወንዙ ማዶ እየጮኹ ያስተላለፉትን መልእክት ነው የያዘው፤ ጎማው ወጣ ብለዋል አለኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ወንዙ ዳር ስደርስ ቡናማ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ማዶ የእትዬ ምራት ቆማለች። ጮኸች፤ አልሰማኋትም። ጮህኩ፤ አልሰማችኝም። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ቱቦ አውጥቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩና፣ መልሰው እንዲያስገቡት ሆዴ ላይ እያመለከትኩ ደጋግሜ አሳየኋት። እንዳይነኩት ያልኩትን ነገር በምልክት ላስተምር ሞከርኩ። ልጅቷ አልገባኝም በሚል ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ከዚያ ዞራ ሄደች።

እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው አልጎደለም። ስንት ሰዓት እንዳለፈ እቆጥራለሁ። ያቺ ቀዳዳ ስትጠብ፣ እትዬ ከጎናቸው ተቀምጠው እኔን ሲጠብቁ ይታየኛል። መሻገር የሚችሉ ሰዎችን ለመንኩ፤ ማንም አልደፈረም፤ ልክም ነበሩ።

በማግሥቱ ውሃው ሲቀንስ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ደረቴ እየደረሰ አሻገሩኝ። ግቢው ስደርስ የልቅሶ ድምፅ እንዳለ አዳመጥኩ፤ የለም። ጋሼ መደባቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ገላልጬ አየሁ። ቱቦው ቦታው ላይ ነው፤ በፕላስተር ተጣብቆ፣ ከላዩ በንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። ቆዳው ደህና ነው። በስሪንጅ ሳብኩት፤ ፈሳሹ መጣ።

እትዬ ያደረጉትን በዝርዝር ነገሩኝ። ጋሼ ሲያስላቸው ነው የወጣው። ወደ ወንዙ ሰው ልከው መሙላቱን ሰሙ። ቱቦውን አጥበው የፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ቫዝሊን ቀቡት። ቢስሚላህ ብለው ሳይገፉ፣ ወደሚሄድበት እንዲሄድ እየለቀቁ አስገቡት። ያዝ ሲያደርጋቸው ቆሙ፤ ጋሼ ትንፋሻቸውን ሲያወጡ ቀጠሉ። ከዚያ ምንም አልሰጧቸውም፤ ጎንበስ ብለው ፈሳሹ እስኪመለስ ጠበቁ። ሲያዩት አንድ ማንኪያ ውሃ ብቻ ሰጡና ያቃጥልዎታል ወይ ብለው ጠየቁ። አያቃጥልም ሲሏቸው ደግሞ ጠበቁ። አጥሚት የሰጡት ከመግሪብ በኋላ ነው። እኔ ያደረግኩትን ሁሉ፣ በኔ ቅደም ተከተል ነበር ያደረጉት።

«ይህን አላስተማርሽኝም» አሉኝ። «ሳይ ነው የያዝኩት።»

እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አላስጨረሱኝም። «ለሚቀጥለው ሰው ንገሪው ልጄ» አሉ። «አትንኩ ብለሽ ብቻ አትተዪው። እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። እሱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ አንቺን መተላለፌ ነው። ክልክል ብላኛለች እያልኩ ብዙ ሰዓት ጎማውን ይዤ ተቀመጥኩ።»

ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። ጋሼን ለአደጋ ያጋለጠው የወንዙ መሙላት ብቻ አልነበረም፤ እትዬ ለኔ ቃል ብለው ያባከኑት ሰዓትም ነው።

ተመልሼ ለኃላፊያችን የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኩት። ሳይሳካ ቀርቶ ቢሞቱ ኖሮ ተጠያቂው ማን ይሆን ነበር አለኝ። ባይሞክሩና ቀዳዳው ተዘግቶ ቢሞቱስ አልኩት። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ቆየ። ከዚያ ሴትየዋ ያደረጉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌ እንዳመጣለት አዘዘኝ። ጻፍኩት። አነበበውና ፋይሉ ውስጥ አስቀመጠው።

ጋሼ ያረፉት ማሾ በተሰበሰበ ሰሞን ነው። ሕመሙ ወደ ሳንባቸው ሄዶ ነበር። ስሰማ ሄድኩ፤ ስደርስ ተቀብረዋል። እትዬ ለቀስተኛው መሐል ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝና በመጨረሻው ሳምንት ምግብ መቀነስ እንዳለባቸው እንዴት እንዳወቁ ነገሩኝ። ሆዳቸው አልቀበል እያለ ይመለስ ስለነበር መጀመሪያ ግማሽ ኩባያ፣ ቀጥሎ ውሃ ብቻ አደረጉት። ትክክል እንደሆነ ጠየቁኝ። ትክክል ነው አልኳቸው። «ርቧቸው አልሞቱም?» አሉኝ። ርቧቸው አልሞቱም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ዓመት ያህል ቆይቶ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ያን ጊዜ ሳሙና በቀበሌ በራሽን ይታደል ስለነበር ብዙ ሰው ኮስቲክ ሶዳ እየገዛ ቤቱ ሳሙና ያፈላ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ለሳሙና የተበጠበጠውን ሶዳ ውሃ መስሏት ጠጣችው። ጉሮሮዋ ተቃጥሎ ጠበበ፤ ሆዷ ላይ ቱቦ ተደርጎላት ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ቆይታ መጣች። ሶዳውን የበጠበጠችው እናቷ ናት።

እናትየዋን ስሪንጁን ከመጀመሪያው ቀን አስያዝኳት። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ሁሉንም እንደሚገባ አደረገች፤ በሁለተኛው ቀን ግን እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ አጥሚቱ ልጅቷ ላይ ይፈስ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። ምን እንደጎደለ አልገባኝም። ለእትዬ ሰው ላክሁ።

በማግሥቱ ጠዋት በእግራቸው መጡ። ክፍሉ ውስጥ ገብተው ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጡና እናትየዋን ሲያዩ ቆዩ። ቱቦውንም ስሪንጁንም አልነኩም።

«እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አሏት።

እናትየዋ ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች። እትዬ ወደኔ ዞረው ምግብ እንዳመጣ ላኩኝ። ሄጄ ከጤና ጣቢያው ዘበኛ ቤት ቂጣና ወተት አመጣሁ። እናትየዋ ልጄ እያየችኝ አልበላም አለች። ልጅቷ አትክልት ሻጭ ባለፈ ቁጥር ፓፓያ እያለች ታለቅስ ስለነበር እናትየዋ ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ በፊቷ በልታ አታውቅም፤ ተደብቃ መብላቱንም እየሸሸችው መጥታለች። እኔ ይህን አልጠየቅኳትም ነበር።

«አብራችሁ ትበላላችሁ» አሏት እትዬ። «እሷ በሆዷ፣ አንቺ በአፍሽ። ሳትበዪ እጅሽ አይረጋም። ባለቤቴን ሳበላ እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ሆኜ ነበር፤ ደብቄው እንጂ።»

ያን ደብቀውት እንደነበር እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ልጅቷን እያበሉ፣ እናትየዋ ቂጣውን እየቆረሰች በላች። መጀመሪያ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ በኋላ ቆመ። ልጅቷ የእናቷን አፍ እያየች የራሷን ሆድ በእጇ ዳሰሰች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችንን ጠርቼ ላደርገው ያሰብኩትን ነገርኩት። ከበሩ ላይ ቆሞ አየ እንጂ አልከለከለኝም። የልጅቷ ቀዳዳ ቁስሉ ድኖ የጸና ስለነበር ቱቦውን አውጥቼ መለስኩ፤ ለእናትየዋ ምን አደገኛ እንደሆነ፣ የቱ ጋ መቆም እንዳለባት፣ ፈሳሹ ካልተመለሰ ምንም እንዳትሰጥ ነገርኳት። ቀጥላ እሷ ራሷ አወጣችው፤ መለሰችውም። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እትዬ ከአጠገቧ ተንበርክከው ነበር፤ አንዴ ብቻ፣ ልትገፋው ስትል፣ «ለቀቅ አድርጊው» አሏት።

ልጅቷ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ሐኪሞች የጠበበውን ጉሮሮዋን በየጊዜው እያሰፉላት፣ ከዓመት በላይ ቆይታ በአፏ መዋጥ ጀመረች። ቱቦው ወጣላት። እናትየዋ ልታሳየኝ ያመጣቻት ዕለት እኔ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሬ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር። ልጅቷ የተላጠ ፓፓያ በሳህን ይዛ፣ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰች፣ እያንዳንዷን ቁራሽ ብዙ ጊዜ እያኘከች ትውጣለች። እናትየዋ የእትዬን ቤት እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ መንገዱን ነገርኳት። ሦስት ቀን እዚያ ሰንብተው፣ እኔ ገና ሳልሄድ ተመለሱ። እትዬ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት።

«ብዙም አላወሩ» አለችኝ። «ስትበላ እያዩዋት ዝም ብለው ተቀመጡ።»